አጎትሽ «ራፕ ነው እንዴ?» ያሉት ወደው አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ስድስት ዘፈን ያለው የመጀመሪያ አልበሜን ጨርሻለሁ። ሦስቱ ባቲ፣ ሁለቱ አምባሰል፣ አንዱ ትዝታ ነው። ማሲንቆ አለው፣ ግን ቤዝ ጊታርና የኮምፒውተር ድራምም ገብቶበታል። ሽፋኑን አንድ ልጅ ሠራልኝ። ጓደኞቼ ወደዱት። አጎቴ ግን ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና ‹ራፕ ነው እንዴ?› አሉኝ። ሽፋን የዘፈኑን ዓይነት የሚያሳየው እንዴት ነው? የግድ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ መሶብ አጠገብ መቀመጥ አለብኝ?» የሽፋኑን ረቂቅ (ድራፍት)ም አያይዛለች፦ ወርቅማ ፊደል፣ ከሥር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰንበር፣ ክራር፣ ነበልባል፣ መሃል ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች እሷ።

እህቴ፣ አብሽሪ። መሶቡን ለጊዜው ተይው፣ እመለስበታለሁ። አጎትሽ ግን ልክ ናቸው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የዲዛይንና የህትመት ቤት አለችኝ፤ ከካሴቱ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሠርግ ካርድ፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ ባነር፣ መሃል መሃል ደግሞ የዘፈንና የመንዙማ ሽፋን ስሠራ ነው የኖርኩት። ድራፍትሽን ሳየው እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ማሲንቆ አልነበረም። አዎ፣ የሰማሁት ነው ያልኩት። ሰው ሽፋን ሲያይ ዘፈኑን ገና ሳይከፍተው ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ይጀምራል። ሞቅ ያለ ነው ወይስ ዝግ ያለ፣ ለሠርግ ነው ወይስ ማታ ለብቻ የሚሰማ፣ የድሮ ነው ወይስ የአሁን፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ይፈርዳል። ከፍቶት ሌላ ነገር ሲሰማ ደግሞ ዘፈኑ ጥሩ እንኳ ቢሆን የተሸወደ ይመስለዋል።

እስቲ ድራፍቱ ላይ ያለውን እንየው።

ፊደሉ ወርቅማ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ የተሞረደ ብረት ይመስላል። ይሄ መልክ አገር አለው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ ፔን ኤንድ ፒክስል የሚባል የዲዛይን ቤት ነበር፤ በ1992 ሁለት ወንድማማቾች የከፈቱት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ)። የአሜሪካን የደቡቡን ራፕ ሽፋን በአልማዝ በተለበጠ ፊደል፣ በመኪናና በብር የሞሉት እነሱ ናቸው። ሰው ይስቅባቸው ነበር፣ እኔ ግን ሥራቸውን አከብራለሁ። ሙዚቃው «ከምንም ተነስቼ እዚህ ደረስኩ» የሚል ፉከራ ነው፤ ሽፋኑም አብሮ ፎከረ። ገጠመ። ከዚያ ያ ፊደል እየተቀዳ፣ የተቀዳው ደግሞ እየተቀዳ፣ ከሙዚቃው ተነጥሎ ዝም ብሎ «የሚያምር ፊደል» ሆነና እኛ ጋ ደረሰ። አጎትሽ ሂዩስተንን አያውቁትም። ፊደሉ የማን እንደሆነ ግን ዓይናቸው ያውቃል።

ከሥር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰንበር አለ። ቀለሙ የኛ ነው፣ ክርክር የለውም። አልበም ሽፋን ላይ በዚያ መልክ ሲሰመር ግን ግማሹ ዓለም የሚሰማው ሬጌ ነው። ይሄ እንዲሁ የሆነ አይደለም፣ ሰዎች ተጨንቀው ሠርተውታል። ነቪል ጋሪክ የሚባለው ጃማይካዊ የቦብ ማርሌን ሽፋኖች የሚሠራ ሰው ነበር። በ1977 የወጣው «ኤክሶደስ» ላይ የማርሌ ፎቶ እንኳ የለም። ወርቃማ መደብ፣ ቀይ ጽሑፍ፣ በቃ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የፊደሉን ቅርጽ ግን ከኛ ፊደል ነው የወሰደው። በ1983 ማርሌ ካረፈ በኋላ በወጣው «ኮንፍሮንቴሽን» ላይ ደግሞ ማርሌን በነጭ ፈረስ አስቀምጦ ዘንዶ አስወጋው፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደምናውቀው ጊዮርጊስ። ውስጡን ስትከፍቺው የዓድዋ ጦርነት ሥዕል አለ። ሰውየው ጃማይካዊ ሆኖ የኛን ፊደል ከፍ ሲያደርግ እኛ ደሴ ላይ ፊደላችንን ብረት እናስመስላለን። ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ያበሽቀኛል።

ክራሩስ? ማሲንቆ ነው ያልሽኝ። ማሲንቆ ያለበት አልበም ላይ ክራር መለጠፍ እንጀራ ቤት ታፔላ ላይ ዳቦ እንደመሳል ነው። ነበልባሉን ዝም ብዬ ልለፈው። እኔም በጊዜዬ ብዙ አቃጥያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ልጁ ዘፈኖቹን ሰምቷቸዋል? አልሰማም ብዬ ነው የምጠረጥረው። ፎቶሽንና ስምሽን በቴሌግራም ልከሽለት፣ እሱም «አሪፍ ነገር እሠራልሻለሁ» ብሎ። ለኔም ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደዚያ ነው። ፎቶ ይመጣል፣ ዘፈኑ አይመጣም። ይሰረቃል ብለው ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ያልሰማሁትን እንዴት ላልብሰው?

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። አንዴ የመንዙማ ሲዲ መጣልኝ። አረንጓዴ መደብ፣ መስጊድ፣ ጨረቃ፣ ሁሉንም አሟላሁ። ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ስለተረፈኝ የሙዚቃ ኖታ ምልክት በተን በተን አደረግኩበት። ባለቤቱ ሼህ መጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ረጋ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይቺ ጭራ ያላት ነገር ምንድን ናት?» አሉኝ። «የዜማ ምልክት ናት» አልኳቸው። «እኛ ዘንድ ያለው ድቤና ጭብጨባ ነው። ይቺን ያየ ሰው ኪቦርድ አለበት ብሎ አይነካውም» አሉኝ። ደነገጥኩ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ሥዕሉ ልክ ነው፣ ጥፍር የምታህል ምልክት ግን ሥራውን ከመንዙማ አውጥታ ሌላ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጠው ነበር። እኔ ባዶ ቦታ መሙላቴ ነበር። እሳቸው ድምፁን ነው ያዩት።

በእርግጥ መስማት ብቻውንም ዲዛይን አይሠራም። ኒውዮርክ ውስጥ ብሉ ኖት የሚባል የጃዝ አሳታሚ አለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የወጡትን ሽፋኖቹን የሠራው ሪድ ማይልስ የሚባል ዲዛይነር ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ። የሚገርመው ሰውየው የጃዝ ወዳጅ እንኳ አልነበረም፣ ክላሲካል ነበር የሚሰማው። ግን የድርጅቱ ባለቤት አልፍሬድ ላየን ቁጭ አድርጎ ያወራው ነበር፦ ቀረጻው ምን እንደሚመስል፣ ማን ምን ዓይነት ስሜት ይዞ እንደገባ። ፎቶውን ደግሞ ፍራንሲስ ዎልፍ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሙዚቀኛው እየተጫወተ ያነሳዋል። ገንዘብ ስላልነበራቸው ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከአንድ ቀለም ጋር ነው የሚሠሩት። ማይልስ ፎቶውን ጎመድ አድርጎ ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፊደሉን ደግሞ አንዴ ያገዝፈዋል፣ አንዴ ይደጋግመዋል፣ አንዴ ይሰብረዋል። ስታዪው ምቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ይታወቅሻል። ሳክስፎን ስላሳየሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጃዝ የሚመስለው አቀማመጡ ራሱ ነው።

ስለዚህ ዘፈኑን ለልጁ መላክ ከፈራሽ አጠገቡ ተቀመጪና በጆሮ ማዳመጫ አሰሚው፣ እሱም ካልሆነ ንገሪው። «ባህላዊና ዘመናዊ ቅልቅል» ብለሽ አትንገሪው ብቻ። ከዚያ ቃል የሚወጣው ሽፋን ግማሹ ጎጆ ግማሹ ፎቅ ነው፣ ስንቱን አየሁት።

እኛ አገር የሽፋን መልክ እንዴት እንደመጣም ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ልጁ ሳያውቀው እየቀዳው ያለው ያንን ነው። የትልቁ የሙዚቃ ሸክላ ልባስ በየጎኑ 31 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ከዚያም ካይፋ የሚባለው አሳታሚ ሲከተል፣ ዲዛይነሩ ሰፊ ሜዳ ነበረው። ከዚያ ካሴት መጣና ያ ሜዳ ወደ 10 በ6.5 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ያውም ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ የሚገባው ምንድን ነው? የቆመ ሰው። ለዚህ ነው የካሴት ሽፋኖቻችን ላይ ዘፋኙ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ከበስተጀርባው ሰማያዊ ወይ ቀይ መጋረጃ፣ አንገቱን ትንሽ ጠመም አድርጎ የምናየው። ቴሌቪዥን በየቤቱ አልነበረም፣ የዘፋኙን መልክ ሰው የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ማንበብ የማይችል ገዢም በመልክ ነው የሚለየው። እና ያ ፎቶ የዘፈኑን ዓይነት የሚናገር አልነበረም። «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል መታወቂያ ነበር፣ ሥራውንም በደንብ ሠርቷል። ችግሩ አሁን ነው። ፊትሽን ሰው ዩቲዩብ ላይ ሲያይሽ ይውላል፣ ሽፋኑ ላይ ፊትሽን ብቻ ደግሞ ማስቀመጥ የሚጨምረው ነገር ያንሳል።

ሌላው ወጥመድ የድሮ ማስመሰል ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ማውጣት ሲጀምር ሽፋኖቹ ላይ የዚያኑ የድሮውን ዘመን ፎቶዎች ተጠቀመ። ልክ ነበር፣ ሙዚቃው የዚያን ጊዜ ነው፣ ከመዝገብ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማለት ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሱፍ፣ ቀጭን ከረባትና ሳክስፎን ሆነ። ትናንት በላፕቶፕ የተቀዳ ዘፈን ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ቀለም ያለብሱታል። ያንቺ አልበም ውስጥ የኮምፒውተር ድራም አለ። አትደብቂው። ደግሞ አዲስ ነገርም አይደለም፦ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው ካሴት ላይ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ድራምና ከሲንተሳይዘር ጋር አጋብቶታል፣ ያው ካሴት በ2013 ውጭ አገር እንደገና ታትሞ አዲስ ጆሮ አግኝቷል። ቅልቅሉ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው ወደሚሠራባቸው አምስት ድምፆች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወሎዬ ሆነን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ባቲ ሲባል ግመልና የሰኞ ገበያ፣ አምባሰል ሲባል ተራራ እንለጥፋለን። ቦታውና ቅኝቱ ስም ተጋሩ እንጂ የባቲ ዘፈን ሁሉ ስለ ግመል አይደለም። እኔ የማደርገው ሌላ ነገር ነው፣ ሕግ አይደለም፣ የራሴ ዘዴ ነው። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሪው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ርቀቱን ተመልከቺ። መጀመሪያ ግማሽ ድምፅ፣ በጣም ጠባብ። ከዚያ ትልቅ ዝላይ። ከዚያ መካከለኛ፣ እንደገና ጠባብ፣ እንደገና ትልቅ ዝላይ። ተጠጋግቶ መራቅ፣ ተጠጋግቶ መራቅ። ያ ሆድ የሚያባባው ነገር ለኔ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ይሄንን ወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል። ስምሽና ርዕሱ አንድ ጥግ ላይ ጥብቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ሰፊ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሩቅ አንድ ትንሽ ነገር። በቃ። ተራራ ሳትስዪ አምባሰል ይሰማል። ባቲ ማይነር (ከባቲ ዓይነቶች አንዱ) ደግሞ ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል ነው፤ እርምጃዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፣ የሚወዛወዝ፣ የሚራመድ ነገር አለው። እዚያ ላይ ክፍተቱ እኩል የሆነ፣ የሚደጋገም ቅርጽ ይስማማዋል፣ የነጠላ ጥለት እንደሚደጋገመው።

ያንቺ ሦስቱ ባቲ ናቸው፣ ከሥራቸው ደግሞ ድራምና ቤዝ አለ። ስለዚህ እኔ ብሆን ወደ ባቲው አደላለሁ። መደቡን አንድ ደረቅ ቀለም አደርገዋለሁ። ጉም አልፈልግም፣ ጉም የደሴ ነው፤ ጦሳ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ሲታይ ለትዝታ አልበም ይሆናል። ያንቺ ድምፅ ኮምቦልቻ ነው። ሐረጎን ወርደሽ አየሩ ሞቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግድግዳ ላይ ስታርፍና ጥላው በቢላ የተቆረጠ ሲመስል፣ እንደዚያ። ድራም ማሽን እንደዚያ ነው የሚመታው፣ ጠርዙ አይደበዝዝም። የታወቀ ቦታ አያስፈልግሽም፣ አንድ የተቀባ ግድግዳና የአሥር ሰዓት ፀሐይ ይበቃል።

መሶቡ ላይ ደረስን። ቀሚሱን ከወደድሽው ልበሺው፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን ቀሚስ፣ መሶብ፣ ጀበና፣ ቄጤማ አንድ ላይ ሲደረደሩ የካላንደር ፎቶ ይሆናል። ካላንደር ደግሞ ድምፅ የለውም። ራስሽን ጠይቂ፦ እነዚህን ዘፈኖች ቤትሽ ውስጥ ስትለማመጂ ምን ለብሰሽ ነበር? ጃኬት ከሆነ ጃኬት። ጸጉርሽን ሹሩባ ተሠርተሽ ጃኬት ብትለብሺ ማሲንቆውም ድራሙም አንድ ፎቶ ውስጥ ገቡ ማለት ነው፣ ያውም ሳይጣሉ። ጥቁር መነጽሩን ግን አውልቂው። አምባሰል የሚዘፍን ሰው ዓይኑ ሲደበቅ ደስ አይለኝም፣ እዚህ ላይ ምክንያት አትጠይቂኝ።

ስለ ፊደል የመጨረሻ ነገር። አልበምሽን ሰው የሚያየው ስልክ ላይ ነው፣ ዝርዝር ውስጥ ሽፋኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ነገር ነው። የ«ባ» አንድ እግር አጥሮ ነው ከ«በ» የሚለየው። «ቲ» ከ«ተ» የሚለየው ከታች ባለችው ትንሽ ቅጥያ ነው። ልጁ እንዳደረገው ወፍራም ስትሮክ (የፊደል ዙሪያ መስመር) ስትጨምሪበትና ጥላ ስትደርቢበት ያቺ ቅጥያ ትዋጣለች፣ እግሮቹ ይያያዛሉ፣ ከዚያ «ባቲ» የሚለው «በተ» መስሎ ቁጭ ይላል። አጎትሽ ራቅ አድርገው ያዩት ትክክለኛው መንገድ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የምፈትነው፦ ሽፋኑን አውራ ጣቴ ጥፍር እስኪያክል አሳንሼ፣ ክንዴን ዘርግቼ አነባለሁ።

የትኛውን ፎንት? ኒያላ ለመጽሐፍ ቆንጆ ነው፣ ሽፋን ላይ ግን ማመልከቻ ያስመስለዋል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ያሉት ጌጠኞቹ ደግሞ በየሠርግ ካርዱ ስላየናቸው ሠርግ ሠርግ ይሸታሉ። ከቻልሽ በእጅ አጽፊው። ኮምፒውተር ሳይመጣ ታፔላ የሚጽፉ ሰዎች ደሴም ኮምቦልቻም ዛሬም አሉ፣ ብሩሻቸው ደርቆ ይሆናል እንጂ እጃቸው አልደረቀም። ስምሽን ሦስት አራት ጊዜ በወረቀት ላይ ይጻፉልሽ፣ ፎቶ አንሺው፣ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ያጽዳው። ወርቅ ከመቀባት በብዙ ይሻላል።

ለልጁ ደግሞ ይሄን ንገሪው። ፋይሉ እኩል አራት ማዕዘን፣ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፣ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያዎቹ በዚያ መጠን ይቀበሉታል። 12 ሳንቲ ሜትሩን የሲዲ ሽፋን በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ለማተም የሚፈለገው 1400 ፒክስል አካባቢ ስለሆነ ለህትመትም ይተርፋል። ለዩቲዩብ 1280 በ720 የሆነ ሌላ ተምኔል (ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ሥዕል) ይሥራ እንጂ ይሄኑ ጎትቶ አይለጥጠው፣ ፊትሽ ድፎ ዳቦ ይሆናል። ከኢንተርኔት የወሰደው ፎቶ ካለ ያውጣው። ሌየሩ ያልተዘጋውን፣ ማለትም ፊደሉና ፎቶው ለየብቻ የሚስተካከሉበትን ፋይልም ተቀበዪው፣ ነገ አንድ ፊደል ለመቀየር ከመለመን ያድንሻል።

ልጁን ደግሞ አትውቀሺው፣ እጁ ጥሩ ነው። የፎቶው አቆራረጥ ንጹህ ነው፣ ጸጉርሽን ሲቆርጥ አልቦጫጨቀውም፣ ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። የጎደለው ዘፈኑ ነው። አዲሱን ሲጨርስ መጀመሪያ ለጓደኞችሽ አታሳዪ። ለአጎትሽ ስልኩን ስጫቸው፣ እንደ ልማዳቸው ራቅ አድርገው ይዩት፣ «ምን ዓይነት ዘፈን ይመስልዎታል?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያቸው።